ትንሿ ጄነሬተር ሌሊቱን ሙሉ እንድትሠራ፦ የውጭ ሰልባቲዮ አገጣጠም

ጫጩት አስፈለፍላለሁ። መፈልፈያ ማሽኑ 21 ቀን ሙሉ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መቆየት አለበት። መብራት ለጥቂት ጊዜ ቢጠፋ እንቁላሉ ይታገሳል፤ ሌሊቱን ሙሉ ከሆነ ግን አይችልም። ያለችኝ ደግሞ በአንድ እጅ የምትነሳ ትንሽ ኢንቨርተር ጄነሬተር ናት። የምትይዘው 3.6 ሊትር ቤንዚን ነው። በሩብ ጭነት 8 ሰዓት ያህል ትሠራለች። ቤንዚኑ ታዲያ የሚያልቀው ሁልጊዜ እንቅልፍ በሚጥምበት ሰዓት ነው።

መላው የውጭ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ታንክ) መቀጠል ነው። 3.6 ሊትር 8 ሰዓት ካስኬደ፣ በሰዓት የሚሄደው ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። 12 ሊትር የሚይዝ የጀልባ ሞተር ሰልባቲዮ ብትጨምሩ ከ24 ሰዓት በላይ ታተርፋላችሁ። ጭነት ካበዛችሁባት ግን ይህን ሂሳብ እርሱት። እኔ ከመፈልፈያው ሌላ አንድ አምፖል ብቻ ነው የምሰካው። ሞተሩ ፍጥነቱን እንደ ጭነቱ እንዲቀንስም ኢኮ የሚለውን ማብሪያ አበራለሁ።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጄነሬተራችሁ የነዳጅ ፓምፕ እንዳላት መመሪያው ላይ አረጋግጡ። ሰልባቲዮው ከላይ ተቀምጦ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ወደሚቀላቅለው ክፍል) የሚወርድ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሆናችሁም። «የውጪውን ከፍ አድርገህ ስቀለው» የሚል አይጠፋም። አትስሙት። ከፍታው ሲጨምር ግፊቱም ይጨምራል። የካርቡሬተሩ መርፌ መዝጋት ያቅተዋል። ከዚያ ቤንዚኑ ወይ ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይ ሞተር ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ከጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) አጠገብ የፈሰሰ ቤንዚን ምን እንደሚያመጣ ታውቁታላችሁ።

ከዕቃው ሁሉ ዋናው ክዳኑ ነው። ለጄነሬተራችሁ ሞዴል ተብሎ የተሠራ፣ ቱቦ የሚሰካበት አፍ ያለውና አየር የማያስገባ ክዳን ፈልጉ። የፋብሪካውን ክዳን በመሰርሰሪያ በስቶ በማጣበቂያ የሚያሽግ ሰው ሞልቷል። እኔ አልመክርም፤ ብዙው ማጣበቂያ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል። ቱቦውም ለነዳጅ የተሠራ ይሁን። የውስጥ ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል። የውሃ ጎማ አትጠቀሙ፤ ቤንዚን ያደርቀውና ይሰነጠቃል። በሁለቱም ጫፍ ፋሸታ (ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) እሰሩ፣ መሐል ላይ ፊልትሮ (ማጣሪያ) እና ቤንዚን የምትገፋ የእጅ መጭመቂያ አስገቡ።

አሁን አሠራሩን ልብ በሉ፤ ብልሽቱ ሁሉ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ፓምፑ ከውስጠኛው ሰልባቲዮ ቤንዚን ሲስብ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። ክዳኑ ጥብቅ ስለሆነ አየር ገብቶ አይሞላውም። ስለዚህ በቱቦው በኩል ከውጪው ቤንዚን ይመጣል። የውጪው ሰልባቲዮ መተንፈሻ ግን የግድ ክፍት መሆን አለበት። ከተዘጋ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል፣ ሞተሩም ከፍ ዝቅ እያለ ቆይቶ ይጠፋል።

ስትገጥሙ ሞተሩ ጠፍቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የውስጠኛውን ሰልባቲዮ እስከ አፉ ሙሉት፤ ክፍተት ከተዉ መሳቡ ይዘገያል። በቱቦው ላይ ያለችውን የእጅ መጭመቂያ በቀስታ ተጫኑና ቱቦውን በቤንዚን ሙሉት። ከዚያ ክዳኑን አጥብቁ። የውጪውን መሬት ላይ፣ ከጄነሬተሯ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከማርሚታው በተቃራኒ በኩል አስቀምጡ። የቤንዚን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳት ይፈልጋል።

የመጀመሪያውን ሙከራ በቀን፣ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ አድርጉት። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ የውጪው ቤንዚን ካልቀነሰ አየር የሚገባበት ቦታ አለ ማለት ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ ያገኘሁት የክዳኑ ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ላይ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ክፈቱት። ነገሩ በትክክል ከሠራ አንድ ደስ የሚል ትርፍ አለው። የውጪው ሲያልቅ አየር በቱቦው ይገባና ጄነሬተሯ የውስጡን መጠቀም ትጀምራለች። ስለዚህ ጠዋት የውጪው ባዶ ሆኖ ብታገኙትም ገና ሰዓታት አላችሁ።

ቤንዚን ሲበዛ ግን የሚረሳው ዘይት ነው። እነዚህ ትንንሾች ብዙዎቹ የሚይዙት ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። ሲጎድል ዳሳሹ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ለሞተሩ ጥሩ ነው፣ ለእንቁላሉ መርዶ ነው። የውጪውን በሞላችሁ ቁጥር ሞተሩን አጥፍታችሁ ዘይቱን ለኩ። የብዙዎቹ መመሪያ አዲስ ሞተር በ20 ሰዓት፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ዘይት ይቀየር ይላል። ሳታቋርጡ ካስኬዳችሁ 100 ሰዓት አራት ቀን ከምናምን ነው። መቼም ዘይት ለመቀየር የሚመች ሌሊት የለም፤ በቀን አቅዱት።

ጄነሬተሯ ደጅ ትዋል፣ ደጅ ትደር። በረንዳና ጋራዥ ደጅ አይባልም። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ 6 ሜትር ትራቅ፣ ጭሷም ወደ ቤት አይዙር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እናንተ ደግሞ ተኝታችኋል። ቤት ውስጥ የሚጮህ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ ግዙ፤ እኔ ከመኝታ ክፍሌ በር አጠገብ ሰቅያለሁ።

መብራት ከመጣ በኋላ ቱቦውን ስትነቅሉ ውስጡ የቀረ ቤንዚን ስለሚወርድ ከሥር ዕቃ ያዙ። የፋብሪካውን ክዳን መልሱ። ለወራት የማትነኳት ከሆነ የውስጡን ቤንዚን ቅዱና በካርቡሬተሩ የቀረውን አቃጥላ እስክትጠፋ አስኪዷት። የቆየ ቤንዚን ካርቡሬተር ይደፍናል።