የእርምጃ ቆጣሪ ሰዓት በደሴ ዳገት፦ ችግርና መፍትሄ

ግቡ በየቀኑ ይሞላል፣ ክብደት ግን ፈቀቅ አይልም

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ስለተቃጠለው ካሎሪ የሚናገረውን እንዳለ መቀበል ነው። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረጉት ጥናት በእጅ አንጓ የሚታሰሩ 7 መሣሪያዎችን ሲፈትሹ፣ 6ቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት የለኩ ሲሆን፣ በካሎሪ ግምት ግን ከሁሉም የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጦሳ ዳገቱን የወጣ ሰው ሰዓቱ 400 ካሎሪ ቢያሳየውና ይህንኑ ተማምኖ ምሳው ላይ አንድ እንጀራ ቢያስጨምር፣ በላዩም ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ቢደግም፣ የለፋበትን እዚያው ማዕድ ላይ ይመልሰዋል።

ስለዚህ የካሎሪውን ቁጥር ከሰዓቱ ገጽ ላይ ያንሱት፤ የሚበሉትን ይመዝግቡ፤ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ በአንድ ሚዛን ብቻ ይመዘኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 በጃማ የሕክምና መጽሔት በወጣው፣ 471 ሰዎች በተመዘገቡበት ጥናት፣ ሁሉም የአመጋገብና የእንቅስቃሴ ምክር እያገኙ፣ እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ የተሰጣቸው በ24 ወራት በአማካይ 3.5 ኪሎ ሲቀንሱ ያልተሰጣቸው 5.9 ኪሎ ቀንሰዋል። ሰዓቱ ከቤት ያስወጣል፤ የማዕዱን ሥራ ግን አይሠራም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሰዓቱን የሚያወልቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው።

እርምጃው ሳይሞላ ትንፋሽ ያጥራል

ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ግቡን ያለ ችግር የሚሞላ ሰው ደሴ ሲወጣ በግማሹ ይደክማል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል አየሩ ይሳሳል፤ ዳገቱም ልብን ያሠራል፤ ሰዓቱ ግን የዳገቱንም የሜዳውንም እርምጃ እኩል ይቆጥራል። 10,000 የሚለው ግብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የመጣ እንጂ ሐኪም ያዘዘው ልክ አይደለም። በእርምጃ ፈንታ ደቂቃ ይቁጠሩ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ መካከለኛ የሚባለውም እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው።

ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው እርምጃ ይጨምራል

ሴንሰሩ የሚያውቀው የእጅን ንዝረት ስለሆነ የኮብልስቶኑን መንገጫገጭ እንደ እርምጃ ሊወስደው ይችላል፤ በሁለት እጅ ዕቃ ተሸክመው ሲሄዱ ደግሞ ይዘልልዎታል። ለባጃጅ ጉዞው ያውልቁት።

የልብ ምቱ ይዘላል ወይም ይጠፋል

ማሰሪያው ላልቷል፣ አለበለዚያም በጠዋቱ ብርድ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ደም ቀንሷል። ከእጅ አንጓ አጥንት አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት፤ ሰውነትዎን ካሟሟቁ በኋላም እንደገና ይለኩ። ደረት የሚወጋ ወይም ራስ የሚያዞር ከሆነ ግን፣ ሰዓቱ ምንም ቢያሳይ፣ እንቅስቃሴውን አቁመው ወደ ሐኪም ይሂዱ።