ኤምኤስ እያለባችሁ ስትሠሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እህቴ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ በአጭሩ ኤምኤስ፣ እንዳለባት በተነገራት በሳምንቱ የሥራ መልቀቂያ ጻፈች። የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ማንም ውጪ አላላትም፤ "ነገ አልጋ ላይ መቅረቴ ነው" ብላ ራሷ ደመደመች። ደብዳቤውን ለምኜ ተቀበልኳት።

በድንጋጤ ሥራ መልቀቅ ትልቁ ስህተት ነው። ኤምኤስ የሰውነት መከላከያ የነርቭን ሽፋን ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው፤ ብዙዎች ላይ ይነሳና ጋብ ይላል። በተነሳበት ሳምንት የዕድሜ ልክ ውሳኔ አይወሰንም።

ሌላው የሕመም ፈቃድን አለመጠየቅ ነው። ስንቱ የዓመት ፈቃዱን በሕመም ይጨርሳል! በግል ድርጅት የምትሠሩና የሙከራ ጊዜ የጨረሳችሁ ከሆነ፣ አዋጅ 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይፈቅድላችኋል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ያለ ክፍያ። ለእኛ ወሳኙ ነገር ደግሞ ፈቃዱ ተከፋፍሎም መወሰዱ ነው፤ ሕመሙም የሚመጣው እየተቆራረጠ ነዋ። የሐኪም ወረቀት ግን የግድ ነው። ኮፒውን ቤት አስቀምጡ።

ድካሙን መደበቅም አያዋጣም። ይሄ ተኝተው የሚወጣላቸው ድካም አይደለም። ከሰዓት ላይ እስክሪብቶው ከእህቴ ጣቶች ሲንሸራተት፣ ስታነሳው፣ ደግሞ ሲወድቅባት አይቻለሁ። ጠዋት ግን ማንም አይደርስባትም። አለቃዋ ምንም ስላልነገረችው "ሰነፈች" ብሎ ነበር። ለሁሉም ሰው ተናገሩ አልልም። ለአለቃችሁ ግን ከበሽታው ታሪክ ይልቅ የሚያስፈልጋችሁን ነገር ለይታችሁ ንገሩት፦ ከባዱን ሥራ ጠዋት ልሥራ፣ ጠረጴዛዬ ከፀሐይ ይራቅልኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ስለከበደኝ ታች ልሁን። ሕመሙ አካል ጉዳት ካስከተለ አዋጅ 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። እህቴ እንደነገረችው ጠረጴዛዋ ምድር ቤት ወረደ።

ሙቀትንም አትናቁ። መስኮቱ የተዘጋ ታክሲ ውስጥ ቀትር ላይ ዓይኗ ይደበዝዛል፣ እግሯ ይከብዳል። ስትቀዘቅዝ ይመለሳል። ይሄ አዲስ ጥቃት አይደለም፤ ሙቀቱ የቆየውን ጉዳት ለጊዜው አጉልቶት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ያዙ።

በመጨረሻ፣ እባካችሁ "ተሻለኝ" ብላችሁ መድኃኒት አታቋርጡ። ኤምኤስን የሚቆጣጠሩት መድኃኒቶች የሚሠሩት ቀጣዩ ጥቃት እንዳይመጣ ነው፤ ስለዚህ ስትወስዱት ለውጥ ላይሰማችሁ ይችላል። ጸበል ስትሄዱም ይዛችሁት ሂዱ።