አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ቤዝቦል አሰልጣኝ መሆን ለምትፈልግ

በየዓመቱ ጁን ላይ ኦማሃ፣ ነብራስካ ውስጥ ስምንት ቡድኖች ለኮሌጅ ቤዝቦል ዋንጫ ይፋለማሉ። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ ከተማዋ አልተቀየረችም። በቴሌቪዥን የምናየው አሰልጣኝ እዚያ ቆሞ ምልክት የሚሰጠው ሰውዬ ነው። ስራውን ግን ማንም ከዚያ አይጀምርም። ጠዋት ሜዳ ማስተካከል፣ ከሰዓት ለመቺዎቹ ኳስ መወርወር፣ ማታ ቪዲዮ መቁረጥ፣ ቅዳሜና እሁድ አውቶቡስ ውስጥ ማንቀላፋት፤ መጀመሪያው ይሄ ነው። ካልከበደህ እንቀጥል።

ዲግሪ ያስፈልግሃል። አብዛኛው ኮሌጅ ያለ መጀመሪያ ዲግሪ ማመልከቻህን አያይልህም፣ የትምህርቱ ዓይነት ግን ያን ያህል አያስጨንቅም። ጥሩው መግቢያ ማስተርስ እየተማሩ ረዳት መሆን ነው፤ ኮሌጁ የትምህርት ክፍያህን ሙሉውን ወይም በከፊል ይሸፍንልሃል፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጥሃል፣ አንተ ደግሞ ከቡድኑ ጋር ትሰራለህ። ቤተሰብም «ልጃችን ማስተርስ እየተማረ ነው» ማለት ይችላል። «ኳስ ያሰለጥናል» ከማለት ይቀላቸዋል።

ኮሌጅ ውስጥ ተጫውተህ ከሆነ በጣም ይጠቅምሃል። ፕሮፌሽናል መሆን ግን ግዴታ አይደለም። ቶኒ ቪቴሎን ተመልከት። ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ፣ እዚያው ረዳት ሆነ፣ ቲሲዩ (ቴክሳስ ያለ ዩኒቨርሲቲ) ሄደ፣ አርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ በ2017 ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ አደረገው፣ በ2024 ዋንጫውን በላ። ኦክቶበር 2025 ላይ ደግሞ የፕሮፌሽናሉ ቁንጮ ከሆነው ሜጀር ሊግ ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ወሰዱት። ፕሮፌሽናል ቤዝቦል ውስጥ ምንም ሳይሰራ ከኮሌጅ በቀጥታ የሜጀር ሊግ ቡድን ለመምራት የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። መንገዱን ልብ በል፤ ዋና ከመሆኑ በፊት ሦስት ቦታ ረዳት ነበር።

የት ትጀምራለህ? የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማህበር ኤንሲኤኤ ሦስት ዲቪዥን (ደረጃ) አለው፣ ከላይ ያለው ዲቪዥን 1 ብቻውን ከ300 በላይ የቤዝቦል ቡድን አለው። ከዚያ የትናንሽ ኮሌጆች ማህበር ኤንኤአይኤ አለ፣ የሁለት ዓመት ጁኒየር ኮሌጆች አሉ። ሁሉም ሰው ትልቁን ስም ያሳድዳል። እኔን ከጠየቅከኝ ከታች ጀምር። ትልቅ ቡድን ውስጥ ካሜራ ተሸክመህ ሁለት ዓመት ልታልፍ ትችላለህ፤ ትንሽ ኮሌጅ ግን ሰው ስለሌለ ፒቸሮቹንም (ኳስ ወርዋሪዎቹን) ትይዛለህ፣ ልጅም ትመለምላለህ፣ ምሳም ታዛለህ። ኤልኤስዩን (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን) በ2023 እና በ2025 ሻምፒዮን ያደረገው ጄይ ጆንሰን የጀመረው ሳን ዲዬጎ ካለው ትንሹ ዩኒቨርሲቲ ፖይንት ሎማ ናዝሪን ነው። ተጫዋች፣ ረዳት፣ ከዚያ ዋና፣ ሁሉንም እዚያው። ሜሪላንድ ያለህ ከሆነ ደግሞ ያበሻ ልጅ የሞላበት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የቤዝቦል ቡድን አለው፤ ሄደህ «ምን ላግዝ?» ማለት ምንም አያስከፍልም።

አንድ ሙያ ያዝ። «ሁሉንም እችላለሁ» የሚል ረዳት ማንም አይፈልግም። ፒቸር የሚያሰለጥን፣ መቺ የሚያሰለጥን፣ ካቸር (የተወረወረውን ኳስ ተቀባይ) የሚይዝ ሰው ነው የሚፈለገው። ምረጥ ካልከኝ ፒቸር ላይ ሂድ፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚወሰነው በአብዛኛው በነሱ ክንድ ነው፣ ደግሞም ክንድ ሳያበላሽ ፍጥነት የሚጨምር አሰልጣኝ ስራ አያጣም። ትራክማንና ራፕሶዶ የሚባሉትን መሳሪያዎች ተማር። የኳሱን ፍጥነት፣ ሽክርክሪት፣ የሚታጠፍበትን መጠን ይለካሉ። ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው። ከባዱ ቁጥሩን ለ19 ዓመት ልጅ በሚገባው ቋንቋ መንገር ነው። ብዙም ሳይጫወት የመጣ የኮምፒውተርና የስታቲስቲክስ ልጅ በዚህ በር መግባት ይችላል። ፈንጎ በሚባለው ቀጭን ዱላ ኳስ ወደፈለግክበት መምታትም ልመድ፣ አለበለዚያ ልምምድ ላይ ያፍሩብሃል።

አሁን ዋናው። ይሄ ስራ ከግማሽ በላይ ምልመላ ነው። የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ ልጁ 11ኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ ከኦገስት 1 ጀምሮ ነው ማናገር የሚፈቀድለት። ስለዚህ በጋውን ሙሉ ሜዳ ዳር ፀሐይ ላይ ተቀምጠህ ልጆች ሲጫወቱ ታያለህ፣ ማታ ለወላጅ ትደውላለህ፣ የሚወድህ መስሎ የነበረው ልጅ ሌላ ኮሌጅ ይመርጣል። የነበረህም ተጫዋች በትራንስፈር ፖርታል (ኮሌጅ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች በሚመዘገብበት መዝገብ) ሊሄድ ይችላል። ድሮ ዲቪዥን 1 ላይ 11.7 ስኮላርሺፕ ለ27 ልጆች ይከፋፈል ነበር፤ አንድ እንጀራ ለሰርግ ቤት እንደማዳረስ ነው። ከ2025-26 ወዲህ ኤንሲኤኤ ከከሰሱት ተጫዋቾች ጋር ፍርድ ቤት ያደረገውን ስምምነት የተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የተጫዋች ቁጥር በ34 ተገድቦ የስኮላርሺፑ ገደብ ተነስቷል። ገንዘብ ያለው ይሰጣል፣ የሌለው ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ዘዴ ፈላጊው አንተ ነህ።

ደሞዝ። ከላይ ያሉት በዓመት ከሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛሉ፣ ከታች ያለው ረዳት ግን ሁለተኛ ስራ ካልያዘ የቤት ኪራይ አይሞላለትም። እስከ 2023 ድረስ ዲቪዥን 1 ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚባል ረዳት ነበር፤ ሙሉ ቀን ይሰራል፣ ደሞዝ የለውም፣ ከበጋ ካምፕ (ታዳጊዎች ከፍለው ከሚሰለጥኑበት) በሚያገኘው ይኖራል። ፍርድ ቤት ተካሰሱበት፣ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ደንቡ ተነሳ፣ አሁን ለሦስት ረዳት መክፈል ይቻላል። ይቻላል እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ቦታውን ከመቀበልህ በፊት ሳታፍር ጠይቅ፦ ደሞዙ ስንት ነው፣ ኢንሹራንስ አለው ወይ፣ ከካምፑ ገቢ የኔ ድርሻ ምን ያህል ነው፣ ቤት አለ ወይ። (ዩኤስሲን (ሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን) ለ11 ዋንጫ ያበቃው ሮድ ዴዶ በዓመት አንድ ዶላር ነበር የሚወስደው፣ ምክንያቱም የራሱ የትራክ ድርጅት ነበረው። ትራክ ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተን አይመለከትም።)

ትዳር ካለህ ቀድመህ ተነጋገር። ሲዝኑ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ይጀምራል፣ እስከ 56 ጨዋታ አለው፣ ፋሲካም ሆነ የልጅ ልደት አይጠብቅም። በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ስቴት መቀየርም የተለመደ ነው።

ስራው የሚገኘው በሰው ነው። ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሰውየው በስልክ ታውቋል። ኤቢሲኤ የሚባለው የአሰልጣኞች ማህበር አባል ሁን፣ ጃንዋሪ ላይ ስብሰባ አለው፣ በሺህ የሚቆጠር አሰልጣኝ ይመጣል። ትምህርቱን ስማ፣ ግን ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቁም። በበጋ ደግሞ የኮሌጅ ልጆች በሚጫወቱበት ሊግ ረዳት ሁን። ኬፕ ኮድ ዝነኛው ነው፣ ግን እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አበሻው መሀል ተንደርቦልትስ የሚባል ቡድን በካል ሪፕከን ሊግ ይጫወታል። ከተለያየ ኮሌጅ የመጡ ልጆችና አሰልጣኞች በአንድ በጋ ታውቃለህ።

አሰልጣኝ የሚባረረውና የሚቀጠረው በብዛት ሜይ መጨረሻ፣ ጁንና ጁላይ ላይ ነው። አንዱ ዋና አሰልጣኝ ሲቀየር ረዳቶቹ አብረው ይንቀሳቀሳሉ፣ ታች ድረስ ቦታ ይከፈታል። ሲቪህን ኤፕሪል ላይ ጨርስ፣ ስለ አንተ የሚመሰክሩ ሦስት አሰልጣኞችን አስቀድመህ አስፈቅድ፣ በነዚያ ወራት የማታውቀው ቁጥር ሲደውል አንሳ።