ተማሪን ለአደጋ ጊዜ ሥራ ለማሠልጠን፦ ከጥምቀተ ባሕሩ ጀምሩ

ተማሪዎችን ለድንገተኛ አደጋ ሥራ የምታሠለጥኑ ከሆነ ስላይዱን ለጊዜው ዝጉትና ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ፣ ወደ ፋሲል መዋኛ ውረዱ። እኔ ጎንደር ውስጥ ሁሌም የምጀምረው እዚያ ነው። ባዶውን ይዩት። በሩ ስንት እርምጃ ይሰፋል? አምቡላንስ በየት ይገባል? ሕዝቡ ቢደነግጥ ወዴት ይሮጣል? ይሳሉት። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው የሞተው እዚሁ ስለሆነ፣ "ይሄ እኛን አይመለከትም" የሚል ተማሪ አይኖርም።

ቀጥሎ ቁስለኛ መለየት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከልብስ ሰፊ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ጥቁር ቁርጥራጭ ለምኑ፤ ቀይ አሁኑኑ መታከም ያለበት፣ ቢጫ ትንሽ መቆየት የሚችል፣ አረንጓዴ ቀላል ጉዳት ያለው፣ ጥቁር የሞተ ነው። ለደም የቀይ ሥር ውኃ ይበቃል። ግማሹ ክፍል ቁስለኛ ይሁን፤ እያንዳንዱ ትንፋሹና ትርታው የተጻፈበት ካርድ ይያዝ።

ለዪው መጀመሪያ "መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!" ይላል። የመጡት አረንጓዴ ናቸው። የማይተነፍስ ካለ አገጩን ቀና አድርጎ የአየር መተላለፊያውን ይከፍታል፤ ከተነፈሰ ቀይ፣ ካልተነፈሰ ጥቁር። በደቂቃ ከ30 ጊዜ በላይ የሚተነፍስ፣ የእጅ አንጓው ላይ ትርታ የጠፋ ወይም "እጄን ጨብጥ" ሲሉት የማይጨብጥም ቀይ ነው። የቀረው ቢጫ። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። አንድ ሁለት በደንብ የሚጮኹ ልጆች ቀላቅሉበት። ሁሉም ወደነሱ ይንጋጋል፣ ቀዩ ደግሞ ዝም ብሎ ተኝቷል። ይሄን ሳያዩ ማንም አይማረውም።

አለቃው አንድ ይሁን፤ በአንድ አለቃ ሥር ከሰባት ሰው በላይ አታድርጉ። ቃሬዛ መሸከም ሁሉም ይፈልጋል፣ መመዝገብ ግን ማንም አይወድም። በኔ እምነት ግማሹ ሥራ የመዝጋቢው ነው። ሰዓቱ በሀበሻ ነው በፈረንጅ? ሳትጀምሩ ተስማሙ። "2፡00" ተብሎ የተጻፈ ጥሪ ለአንዱ ጠዋት፣ ለሌላው ሌሊት ነው።

የስልክ ጥሪም አስለምዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ለልምምድ ግን ጓደኛ ተቀባይ ይሁን እንጂ መስመሩን አታጨናንቁ። ደዋዩ ቦታውን በታወቀ ምልክት ይናገር፣ ከዚያ የቁስለኛውን ብዛት፣ ከዚያ የሚገባበትን በር።

በሁለተኛው ዙር ጣና ዳር ያለውን የደንቢያን ሜዳ ጎርፍ ስጧቸው። እዚያ ጥያቄው ሌላ ነው፦ ከብቱ የት ይውጣ፣ እህሉስ፣ ውኃው ሲሸሽ ወባውን ማን ይከታተላል? የጎንደር ጤና ኮሌጅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው ከደንቢያ የወባ ወረርሽኝ በኋላ ነው።

ልምምዱ እንዳለቀ፣ ሻይ ሳይባል፣ መዝገቡን ጮክ ብላችሁ አስነብቡ። ኮፒውን ለልጆቹ ስጧቸው፤ ሥራ ሲያመለክቱ ከሲቪያቸው ጋር ያያይዙት።