መሸኛ ከማውጣት አዲስ መታወቂያ እስከ መያዝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ወረዳ ለሚቀይሩ

ቤት የቀየረ ሰው የመጀመሪያ ሥራው አዲሱ ቤት በየትኛው ወረዳ ሥር እንደሆነ በትክክል ማወቅ ነው። የሰፈር ስም አያስተማምንም። ቦሌ አራብሳ በስሙ ቦሌ፣ የካ አባዶም በስሙ የካ ነው፤ ሁለቱም ግን ዛሬ የሚገኙት በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ በተቋቋመው በ11ኛው ክፍለ ከተማ፣ በለሚ ኩራ ነው። መገናኛም እንደሚቆሙበት ጎን አንዴ የካ፣ አንዴ ቦሌ ይሆናል። መሸኛ (የድሮው ወረዳ ለአዲሱ የሚጽፈው የመዛወሪያ ደብዳቤ) በተሳሳተ ወረዳ ስም ከተጻፈ ተቀባዩ ወረዳ አይቀበለውም፤ ለማስቀየር እንደገና ወደ ድሮው መመለስ ነው።

አከራይዎ እዚያው ግቢ የሚኖር ከሆነ መታወቂያውን ይዩ፤ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ ተጽፎበታል። የማይኖር ከሆነ የይዞታ ካርታውን ያሳይዎ፤ ከ2013 በፊት የወጣ ካርታ ግን የድሮውን ክፍለ ከተማ ሊያሳይ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። የቤት ቁጥር ቦታው ላይ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈባቸው ቤቶችም ብዙ ናቸው። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ከራስዎ አይገምቱ፤ «አዲስ» እንደተባለ ይጻፍ።

አድራሻው ከታወቀ በኋላ ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ድሮው ወረዳ ይሮጣል። የሚሻለው ግን ቀድሞ አዲሱ ወረዳ መሄድ ነው። የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ክፍሉ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ከተለጠፈ ቅድመ ሁኔታው፣ ክፍያውና የሚፈጀው ጊዜ እሱ ላይ ይገኛል፤ ፎቶ አንስተው ይያዙት። ባለሙያውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የቤቱ ነዋሪዎች በሚመዘገቡበት ቅጽ ላይ ማን ማን ተመዝግቧል? እኔን ለማስመዝገብ የቤቱ ባለቤት በአካል መቅረብ አለበት ወይስ ውል ይበቃል? በደባልነት (በሌላ ሰው ቤት አብሮ ነዋሪ ሆነው) የሚገቡ ከሆነ ባለቤቱ ቀርቦ መፈረሙ አይቀርም ብለው ያስቡ። አንዳንድ አከራይ እዚህ ላይ ነው የሚያፈገፍገው፤ መሸኛ ካወጡ በኋላ እምቢ ካለ መታወቂያዎን አስረክበው መሃል ላይ ይቀራሉ። መታወቂያውን የሚሰጡት የአከራዩን ቃል ካገኙ በኋላ ይሁን።

ለተከራይ ዋናው ማስረጃ የኪራይ ውል ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ተፈርሞ፣ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በእጅ ተጽፎ በሦስት እማኝ የተፈረመ፣ ግን ያልተመዘገበ ወረቀት ይዞ ወረዳ መሄድ የትም አያደርስም።

ወደ ድሮው ወረዳ ሲሄዱ መታወቂያዎን ከነፎቶ ኮፒው (የፊትና የጀርባውን) እና ጉርድ ፎቶ ይያዙ። መታወቂያው ለወረዳው ተመላሽ ስለሚሆን ኮፒው እጅዎ ላይ ይቅር፤ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ጉዳይ ካለዎትም አስቀድመው ይጨርሱ። ፋይዳ ማንነትዎን ያረጋግጣል እንጂ የዚህ ወረዳ ነዋሪ ነኝ ለማለት አያገለግልም።

መሸኛውን ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይነሡ ያንብቡት። ቁጥርና ቀን አለው? የተቀባዩ ክፍለ ከተማና ወረዳ ትክክል ነው? ማህተሙ ከፊሉ ፎቶው ላይ፣ ከፊሉ ወረቀቱ ላይ አርፏል? አብረው የሚዛወሩት ልጆች ስም በሙሉ ተካቷል? አንድ ልጅ ከተዘለለ ለእሱ ብቻ ሌላ መሸኛ ሊጠየቁ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያንገላታው የስምና የቀን አለመጣጣም ነው። መታወቂያው «ኃይለማርያም» ብሎ የልደት ሰርተፍኬቱ «ሃይለ ማርያም» ካለ፣ ወይም አንዱ ላይ የአያት ስም ከጎደለ፣ ባለሙያው ሁለት ሰው አድርጎ ሊያየው ይችላል። ማስተካከያውን የድሮው ወረዳ ላይ ያስጨርሱ፤ መዝገቡ ያለው እዚያ ነው። የልደት ቀንም እንዲሁ። ወደ ፈረንጅ ዘመን ሲቀየር ዝም ብሎ 8 መደመር የተለመደ ስሕተት ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን 1990 የሚውለው ዲሴምበር 21 ቀን 1997 ሲሆን፣ ጥር 12 ቀን 1990 ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 1998 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የተወለደ 7፣ ከዚያ ወዲህ የተወለደ 8 ይደመርለታል። በዚህ አንድ ዓመት የተሳሳተ ሰው ፓስፖርት ሲያወጣ ነው የሚያየው።

አዲሱ ወረዳ መሸኛውን ሲረከብ ኮፒው ላይ «ደርሷል» አስብለው ያስፈርሙ። ወረቀት መዝገብ ቤት ሲጠፋ የሚከራከሩበት እሱ ብቻ ነው። ጉዳዩ ከቻርተሩ ቀን ካለፈ መጀመሪያ ቡድን መሪውን፣ ቀጥሎ የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ፤ ደረጃውን ዘለው ቢሄዱ «ከታች ጀምር» ተብለው ይመለሳሉ። አርብ ከሰዓት በፊት መሄድ ካሰቡ ለምሳ የሚወጣው 5:30 ላይ መሆኑን አይርሱ፤ ሌላው ቀን 6:30 ነው።