ከጣት ላይ የልብ ምት በብርሃን ማንበብ፦ ከፎቶዳዮዱ እስከ ኮዱ

ሴሚኮንዳክተር፣ ፎቶኒክስና ሲግናል ፕሮሰሲንግ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የተለያየ ደብተር ተጽፈው ይቀራሉ። ሦስቱን አንድ ብሬድቦርድ ላይ ከሚያገናኙ ሥራዎች ቀላሉ የልብ ምትን ከጣት ላይ በብርሃን የሚያነብ ሰርኪዩት ነው። ዕቃው በአንድ መዳፍ ይያዛል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ለሴሚስተር ፕሮጀክት ርዕስ ለሚፈልግ ቡድን የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። አብዛኛው ቡድን የሚንከራተተው ኮዱ ላይ ቢሆንም፣ ጥፋቱ ያለው ብዙ ጊዜ ከኮዱ በፊት ነው፦ ብርሃኑ ላይ ወይም ናሙና አወሳሰዱ ላይ። ስለዚህ ከብርሃኑ ተነስተን ወደ ኮዱ እንሄዳለን። አንዱ ደረጃ ሳይስተካከል ወደሚቀጥለው አትለፉ።

ልብ በመታ ቁጥር ጣት ውስጥ ያለው ደም ለቅጽበት ይጨምራል። ደም ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ በጣት አልፎ የሚወጣው ብርሃን በዚያች ቅጽበት ይቀንሳል። የሚቀንሰው ግን ብዙውን ጊዜ ከጠቅላላው 1 ወይም 2 በመቶ ነው። ሥራው በሙሉ ይህችን 1 በመቶ ከቀሪው 99 በመቶ ለይቶ ማውጣት ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አንድ ቢፒደብሊው34 ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ከረንት የሚቀይር ዳዮድ)፣ አንድ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ አንድ ኤልኤም358 ኦፕአምፕ (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ)፣ አርዱዊኖ ኡኖ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ)፣ ብሬድቦርድ፣ የልብስ መቆንጠጫና ጥቁር ናስትሮ። ሬዚስተር፦ 220 ኦም፣ 4.7 ኪሎ፣ 10 ኪሎ፣ 20 ኪሎ፣ 330 ኪሎ፣ 470 ኪሎ እና 1 ሜጋ ኦም። ካፓሲተር፦ 10፣ 33 እና 100 ናኖፋራድ፣ ፖላሪቲ የሌለው 1 ማይክሮፋራድ፣ እንዲሁም 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ። ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ከተጣለ የቴሌቪዥን ሪሞት ላይ ይነቀላል። መሥራቱን ለማየት በስልክ የፊት ካሜራ ተመልከቱት፤ ብዙ ስልክ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ሲበራ ይታያል።

ፎቶዳዮዱ ሲገዛ ቀለሙን ተመልከቱ። ጥርት ብሎ ውስጡን የሚያሳየው ተራው ቢፒደብሊው34 ከ430 እስከ 1100 ናኖሜትር ያያል። ጥቁር ሽፋን ያለውና መጨረሻው ላይ "ኤፍ" የተጨመረበት ግን የሚታይ ብርሃን ይከለክላል፤ የሚሠራው ከኢንፍራሬድ ጋር ብቻ ነው። ጥቁሩን ከቀይ ኤልኢዲ ጋር አጋብቶ "ሰርኪዩቱ ሞቷል" ማለት የተለመደ ነው።

የ1100 ናኖሜትሩ ወሰን ከየት መጣ? የሲሊኮን ባንድጋፕ፣ ማለትም ኤሌክትሮኑን ለማንሳት የሚያስፈልገው ትንሹ ጉልበት፣ 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። 1240ን በኤሌክትሮን ቮልት ስታካፍሉ ናኖሜትር ይወጣል፦ 1240 ለ1.12 ወደ 1107 ነው። ከዚያ የረዘመ ሞገድ ያለው ፎቶን ኤሌክትሮን የሚያነሳበት ጉልበት የለውም። የ940 ናኖሜትር ኢንፍራሬድ ፎቶን 1.32፣ የ660 ናኖሜትሩ ቀይ 1.88 ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል፤ ሁለቱም ይበቃሉ። አረንጓዴ ብርሃንን ደም አጥብቆ ስለሚውጥ፣ ኤልኢዲውና ፎቶዳዮዱ በአንድ ወገን ተጠግተው ሲቀመጡ ጥሩ ነው፤ በጣት ወዲያ ማዶ ለማለፍ ግን አይችልም። መቆንጠጫ ከሆነ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ ያዙ።

መቆንጠጫው

ኤልኢዲውን በመቆንጠጫው አንድ መንጋጋ፣ ፎቶዳዮዱን በሌላው ላይ ፊት ለፊት አስተካክላችሁ በናስትሮ እሰሩ። ሽቦዎቹ አይረዝሙ፤ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ከሆኑ ፎቶዳዮዱ የአየር ሽቦ ይሆንና የመብራት ኃይልን 50 ኸርዝ ይለቅማል። የመቆንጠጫው ስፕሪንግ ከጠነከረ ደሙ ከጣቱ ጫፍ ይጨመቅና ምቱ ይጠፋል። ጣት ላይ ነጭ ምልክት ከቀረ ጠንክሯል ማለት ነው፤ ስፕሪንጉን አላሉት።

ውጭ ያለው ብርሃን ቀልድ አይደለም። ቢፒደብሊው34 ደህና ብርሃን ባለው ክፍል፣ 1000 ሉክስ አካባቢ፣ ወደ 70 ማይክሮአምፔር ይሰጣል። ኋላ ኦፕአምፑ ላይ በምናስገባው 1 ሜጋ ኦም ሲባዛ 70 ቮልት ይሆናል፤ እናንተ ያላችሁ 5 ቮልት ነው። የባሕር ዳር የቀትር ፀሐይ በመስኮት ከገባች ነገሩ የባሰ ነው። ጣቱን ከነመቆንጠጫው በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ። ጋቢ ወይም ነጠላ መደረብ ግን አይጠቅምም፦ ነጭ ጥጥ ብርሃኑን ይበትነዋል እንጂ አያግደውም።

እንሶስላ የሞቀ ወይም ጥፍር ቀለም የተቀባ ጣትም ብርሃን ይቀንሳል፤ ያልተቀባ ጣት ምረጡ። የጮቄ ብርድ በሚወርድበት በሐምሌ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ላይ የቀዘቀዘ ጣት ይዛችሁ ብትሞክሩ ደግሞ የጣት ደም ሥሮች ስለሚጠቡ ሲግናሉ በጣም ይሳሳል። እጃችሁን ሻይ ብርጭቆ ላይ አሙቁ፤ ጌይን (ሲግናሉ የሚጎላበትን እጥፍ) ከመጨመር ይሻላል።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ከብርሃን ወደ ቮልት

የፎቶዳዮዱን አኖድ ለመለየት መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ዳዮዱን ብርሃን ላይ ያዙት። ወደ 0.3 ቮልት ፖዘቲቭ ሲያሳይ ቀዩ ሽቦ የነካው እግር አኖድ ነው። የኤልኤም358 ፒን 8ን ከ5 ቮልት፣ ፒን 4ን ከግራውንድ አገናኙ፤ በሁለቱ መካከል 100 ናኖፋራድ ወደ ቺፑ ተጠግቶ ይግባ። ፒን 3 ወደ ግራውንድ፣ የፎቶዳዮዱ ካቶድ ወደ ፒን 2፣ አኖዱ ወደ ግራውንድ። ከፒን 1 ወደ ፒን 2 የ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተርና የ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን ይገባሉ። እነዚህ ሁለቱ ከ16 ኸርዝ በላይ ያለውን ማዳከም ይጀምራሉ፤ የልብ ምት ቅርጽ ከ10 ኸርዝ በታች ስለሆነ አይጎዳም። ኤልኢዲውን በ220 ኦም በቀጥታ ከ5 ቮልት አብሩት፦ ቀዩ ወደ 14፣ ኢንፍራሬዱ ወደ 17 ሚሊአምፔር ይወስዳል።

አሁን ፒን 1ን ለኩ። ኤልኢዲው ጠፍቶ ፎቶዳዮዱ ሲሸፈን ዜሮ አካባቢ፣ ጣት ገብቶ ኤልኢዲው ሲበራ ከ1.5 እስከ 2.5 ቮልት መሆን አለበት። ሁልጊዜ ዜሮ ከሆነ ዳዮዱ ተገልብጧል፤ አውትፑቱ ወደ ኔጌቲቭ መውረድ ይፈልጋል፣ ኔጌቲቭ ሰፕላይ ግን የለውም። 3.5 ላይ ከተቸከለ ብርሃን በዝቷል፦ መጀመሪያ ሽፋኑን አጥብቁ፣ ካልሆነ የኤልኢዲውን ሬዚስተር ወደ 470 ኦም ወይም 1 ኪሎ አሳድጉ። ኤልኤም358 በ5 ቮልት ሲሠራ ከ3.5 ቮልት በላይ አይወጣም፤ ይህን ቁጥር ያዙት፣ ኋላ ይመለሳል።

ፈታኝ "ለምን ኦፕአምፕ? ሬዚስተር ብቻ አይበቃም?" ሲል አብዛኛው ተማሪ "ለፍጥነት" ይላል። እዚህ ላይ ትክክል አይደለም። የፎቶዳዮዱ ካፓሲታንስ 70 ፒኮፋራድ ነው፤ በ1 ሜጋ ኦም ሲባዛ 70 ማይክሮሰከንድ ይሆናል፣ ለልብ ምት ከበቂ በላይ ፈጣን ነው። ትክክለኛው ምክንያት ያለ ባያስ (የውጭ ቮልት ሳይሰጠው) ከሬዚስተር ጋር ብቻውን ሲቀመጥ ዳዮዱ ላይ ያለው ቮልት ወደ 0.3 ከፍ ብሎ፣ ዳዮዱ ራሱ ወደ ፊት መምራት መጀመሩና መስመራዊነቱን ማጣቱ ነው። ኦፕአምፑ ዳዮዱ ላይ ያለውን ቮልት ዜሮ አድርጎ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ደረጃ፦ 1 በመቶውን ማሳደግ

2 ቮልት ላይ 1 በመቶ 20 ሚሊቮልት ነው። ኡኖ ቮልትን የሚያነበው በእርከን ነው፤ አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ስለሆነ ምቱ 4 እርከን ብቻ ይሆናል፤ ከ4 እርከን ላይ ዲጂታል ፊልተር ጥሩ ቅርጽ ለማውጣት ይቸገራል።

ስለዚህ ከፒን 1 በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ወደ ፒን 5 እለፉ። 20 ኪሎውን ከ5 ቮልት፣ 10 ኪሎውን ከግራውንድ አገናኝታችሁ መካከላቸው ላይ የሚገኘውን 1.67 ቮልት በ470 ኪሎ ወደ ፒን 5 አምጡ። ለምን 2.5 አይሆንም? አውትፑቱ የሚጫወተው ከ0 እስከ 3.5 ነው፤ መሐሉ 1.75 እንጂ 2.5 አይደለም። 2.5 ያደረገ ሰው የሞገዱን ራስ ተቆርጦ ያገኘዋል።

ከፒን 7 ወደ ፒን 6 የ330 ኪሎ ሬዚስተርና የ33 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን፤ ከፒን 6 ወደ ግራውንድ ደግሞ 4.7 ኪሎና 100 ማይክሮፋራድ በተከታታይ፣ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ ሬዚስተሩ ዞሮ። ፒን 7ን ከኡኖው አናሎግ መግቢያ ጋር አገናኙ። ጌይኑ 71 ይሆናል፤ 20 ሚሊቮልቱ ወደ 1.4 ቮልት፣ 4ቱ እርከን ወደ 290 ያድጋል። ካፓሲተሩን ዘላችሁ 4.7 ኪሎውን በቀጥታ ግራውንድ ካደረጋችሁ 1.67ቱ ራሱ በ71 ይባዛና አውትፑቱ ከላይ ይጣበቃል።

ኃይል እንደሰጣችሁ ፒን 7 ለ20 ሰከንድ ያህል 3.5 ላይ ይቀመጣል። 100 ማይክሮፋራዱ በ330 ኪሎ በኩል እየሞላ ነው፤ አትፍቱት፣ ታገሱ። ከደቂቃ በኋላም ካልወረደ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ፦ ከአሮጌ ሬዲዮ የተነቀለ ኤሌክትሮላይቲክ 1 ማይክሮአምፔር እንኳ ካፈሰሰ መሐሉ በ0.33 ቮልት ወደ ላይ ይዛነፋል።

ጣት ሳይኖር የሚመታ ልብ

የአምፑል ብርሃን በ50 ኸርዝ መስመር ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። አብዛኛው ሰው ደግሞ ለቁጥሩ ማማር ብሎ በሰከንድ 100 ናሙና ይወስዳል። 100 ኸርዝን በ100 ስትቀዱት ዜሮ ኸርዝ ሆኖ ይወርዳል፤ የቆመ ይመስላል። ችግሩ መስመሩ ሁልጊዜ ልክ 50 አለመሆኑ ነው። ወደ 49.5 ዝቅ ቢል መርገብገቡ 99 ይሆናል፤ በ100 ሲቀዳ ስክሪኑ ላይ 1 ኸርዝ ሆኖ ይወጣል፣ ማለትም በደቂቃ 60። መቆንጠጫው ባዶውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ጤነኛ የሆነ ሰው ልብ ይመታል። ይህ አሊያሲንግ ይባላል፤ አንዴ ከገባ በኋላ ኮድ አያወጣውም፤ ውሸቱ ከእውነተኛው ምት ጋር አንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተቀምጧል። የ10 እና የ33 ናኖፋራድ ካፓሲተሮች ተደምረው 100 ኸርዝን ወደ 40 እጥፍ ያዳክማሉ፤ ሽፋኑ ከላላ ግን የሚተርፈው የ1 በመቶዋን ምት ለማደናገር ይበቃል።

መድኃኒቱ በሰከንድ 250 ናሙና ነው። 50ውም 100ውም በየቦታቸው ይቀራሉ። በዚያ ላይ የተከታታይ 5 ናሙና አማካይ ብትወስዱ መስኮቱ 20 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ የ50 ኸርዝ አንድ ሙሉ ዑደት፣ የ100 ሁለት። ሁለቱም በአንድ መደመር ይጠፋሉ።

250ውን በትክክል ማግኘት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። "4 ሚሊሰከንድ ቆይ" የሚል ትእዛዝ ብቻውን 4 አይሰጥም፤ ንባቡ ራሱ 0.11 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ ማተሙም ይጨምራል። የማይክሮሰከንድ ቆጣሪውን እያያችሁ የሚቀጥለውን ሰዓት በ4000 እየጨመራችሁ ሂዱ። የሲሪያሉን ፍጥነት 115200 አድርጉት። በ9600 ሦስት አኃዝ ያለው አንድ መስመር ለመላክ 5.2 ሚሊሰከንድ ይፈልጋል፣ ከ4ቱ ይበልጣል፤ ወረፋው ሞልቶ ፕሮግራሙ ይጎተታል፣ በሁለት ምቶች መካከል የሚወሰደው ናሙና ስለሚያንስ ምቱም ካለው የበለጠ ሆኖ ይቆጠራል።

ምቱን መቁጠር

ከአማካዩ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄደውን መሠረት ቀንሱ፦ በየናሙናው መሠረቱ ወደ አዲሱ ዋጋ የልዩነቱን አንድ ሰማንያኛ ይጠጋ፤ ይህ 0.5 ኸርዝ አካባቢ ይቆርጣል። ከዚያ ምልክቱን ገልብጡ፤ ደም ሲመጣ ብርሃን ስለሚቀንስ ምቱ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ካለፉት 2 ሰከንዶች ከፍተኛ ዋጋ 60 በመቶውን ሲያልፍ አንድ ምት ቁጠሩና ለ300 ሚሊሰከንድ ጆሯችሁን ድፈኑ። ይህ ካልሆነ ከዋናው ጫፍ በኋላ የምትመጣዋ ትንሿ ጉብታ ሁለተኛ ምት ሆና ትቆጠራለች፤ ንባባችሁ ልክ እጥፍ ከሆነ ምክንያቱ እሷ ናት። ደቂቃዊው ምት 15000 ሲካፈል በሁለት ምቶች መካከል ባሉ ናሙናዎች ነው፤ 200 ናሙና ከሆነ 75። የ8 ምት ሚዲያን (በመጠን ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለውን ዋጋ) ውሰዱ፣ አማካይ አይደለም፤ አንድ የጣት መንቀጥቀጥ አማካዩን ያበላሸዋል። እጅ አንጓ ላይ ለ60 ሰከንድ በጣት ቆጥራችሁ አስተያዩት።

ለሪፖርቱ ኤፍኤፍቲ (ሲግናልን በየፍሪኩዌንሲው የሚለይ ስሌት) ማስገባት ከፈለጋችሁ ኮምፒውተር ላይ ሥሩት። የኡኖ ራም 2 ኪሎባይት ነው፤ 1024 ናሙና ብቻውን ሁሉንም ይሞላዋል። ያም ቢሆን 4.1 ሰከንድ ስለሆነ እርከኑ 0.24 ኸርዝ፣ ማለትም በደቂቃ 15 ምት ነው፤ 70 ይሁን 80 አይለይም። በ2 ምት ለመለየት 30 ሰከንድ መቅዳት ያስፈልጋል።

ጣት የሚነካው ሰርኪዩት ስለሆነ ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅላችሁ በባትሪ ሥሩ። ለደኅንነት ይበጃል፤ በሁለት እግር ሶኬት የተሰካ ቻርጀር የሚያስገባው 50 ኸርዝም አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋም ሙከራው አይቋረጥም። በፓወር ባንክ የምትሠሩ ከሆነ ሰርኪዩቱ በየጥቂት ደቂቃው ቢጠፋባችሁ ሽቦ አትፈልጉ፤ ብዙ ፓወር ባንክ የሚወሰደው ከረንት ሲያንስበት ስልክ ተነቅሏል ብሎ ራሱን ይዘጋል። ከ5 ቮልት ወደ ግራውንድ የ47 ኦም፣ 1 ዋት ሬዚስተር ብታገቡ ወደ 106 ሚሊአምፔር ይጨምራል፤ ይሞቃልና ከፕላስቲኩ አርቁት።