በከሰል ጭስ ሥጋ ሲያበስሉ ሙቀትን እንዴት መቆጣጠር ይቻላል?

ማታ እሳት ማዳፈን የለመደ ሰው የዚህን ሥራ ግማሽ ያውቀዋል። ፍሙ አመድ ሲለብስ አየር ያጥረዋል፤ ሳይጠፋም ሳይነድም ያድራል። ጠዋት አመዱ ገለል ሲልለት መልሶ ይቀላል። በበርሜል ውስጥ በከሰል ጭስ ሥጋ ማብሰልም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ሙቀቱን የሚወስነው ከከሰሉ ብዛት ይልቅ ወደ ፍሙ የሚገባው አየር ነው። የምንፈልገው ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ሙቀት፣ ሳይዋዥቅ ለረጅም ሰዓት እንዲቆይ ነው። ከዚያ ብዙ ካለፈ ፍርምባው ውጪው አርሮ ውስጡ እንደ ጠፍር ይደርቃል። በጣም ካነሰ ደግሞ ጅማቱ ሳይለሰልስ ይመሻል።

እኔ የምሠራው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ነው። ብረት በያጅ ባለ 200 ሊትር በርሜል ላይ ከግርጌው አራት ቀዳዳ አውጥቶ ለእያንዳንዱ ተንሸራታች መዝጊያ ሠራልኝ። ክዳኑ ላይ የጭስ መውጫ አለው። ከሰሉ በብረት ቅርጫት ውስጥ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ ሥጋው የሚያርፍበት ፍርግርግ ከከሰሉ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ኬሚካል የነበረበት በርሜል በፍጹም አይግዙ። ዚንክ የተለበጠ ብረትም ለፍርግርግ አይሁን፤ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። ክዳኑ በደንብ መግጠሙንም ያረጋግጡ፤ ጭስ በጎን የሚያፈተልክ ከሆነ አየርም በዚያው ይገባል፤ ያኔ መዝጊያዎቹን ቢያንሸራትቱም ብዙ አይረዳም።

ቴርሞሜትሩን ከሥጋው አጠገብ፣ በፍርግርጉ ከፍታ ላይ ያድርጉት። ክዳን ላይ የተሰካው የሚያሳየው የላይኛውን ሙቀት ነው፤ ሥጋው ካለበት ቦታ ሊለይ ይችላል። ከመጠቀምዎ በፊት በፈላ ውሃ ይፈትሹት። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ መሣሪያው 100 አላሳየም ብለው እንዳይጥሉት።

አሁን ወደ ከሰሉ። የግራር ከሰል ጠንካራ ስለሆነ ፍሙ ይቆያል፤ የባሕር ዛፍ ከሰል ቶሎ ያልቃል። በማዳበሪያው ግርጌ የሚቀረውን ድቃቂ ይለዩት፤ በከሰሉ መካከል ያለውን የአየር መንገድ ይደፍናል። ክረምት ላይ ከሰሉ እርጥበት ስለሚይዝ ከዋዜማው አስጥቶ ማድረቅ ያስፈልጋል።

ቅርጫቱን ባልተቀጣጠለ ከሰል ይሙሉና መሐሉን ጎድጎድ ያድርጉ። በተለመደው ማንደጃ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ፍሬ ከሰል አቀጣጥለው፣ አመድ መልበስ ሲጀምር ጎድጓዳው ውስጥ ያስቀምጡ። እሳቱ ከመሐል ወደ ዳር ቀስ እያለ ይሄዳል። ሁሉንም ከሰል በአንድ ጊዜ አቀጣጥሎ መጨመር ትልቁ ስህተት ነው። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ አድርጌ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በላይ ወጣ፤ የጎድን ሥጋው ውጪው ከሰለ። አንዴ የጋለ ብረትና የተቀጣጠለ ፍም ቶሎ አይበርድም። ስለዚህ ሙቀቱን መያዝ የሚገባው ገና ሲወጣ ነው። ሁሉንም ቀዳዳዎች ከፍተው ይጀምሩ። 90 ሲደርስ ግማሹን ይዝጉ፤ 105 ላይ አንዱን ብቻ፣ እሱንም በከፊል ክፍት ይተዉት።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። መዝጊያውን በጣት ስፋት ያህል ካንቀሳቀሱ በኋላ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። በርሜሉ ለውጡን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ደግሞ የሚነካካ ሰው ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ሲያሳድድ ይውላል። ሙቀቱ ሲበዛ የሚዘጋው የታችኛው ነው። የላይኛው የጭስ መውጫ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን፤ ከተዘጋ ጭሱ ውስጥ ታፍኖ ሥጋውን ያመርረዋል። ለማብረድ ብለውም ክዳኑን አይክፈቱ፤ ፍሙ ያን ጊዜ ብዙ አየር ያገኝና ይብስበታል። ሙቀቱ ሲወርድ ደግሞ ከሰል ለመጨመር አይቸኩሉ። በመጀመሪያ ቅርጫቱን ነቅነቅ አድርገው አመዱን ያራግፉ፣ ከዚያ ቀዳዳውን ጥቂት ይክፈቱ።

ሱሉልታ ላይ ትልቁ ፈተና ነፋሱ ነው። በተከፈተ ቀዳዳ ፊት ለፊት ሲነፍስ እንደ ማራገቢያ ፍሙን ያነደዋል፤ በርሜሉን ግን በጎን ያቀዘቅዘዋል። ክፍቱን ቀዳዳ ነፋሱ ወደማይመጣበት በኩል ያዙሩት፤ በነፋሱ በኩል ቆርቆሮ ያቁሙ። ከፍርግርጉ በታች የውሃ ድስት ማስቀመጥም ይረዳል፤ ውሃው ሙቀት ስለሚወስድ ድንገተኛ መውጣትና መውረድን ያለዝባል።

ለጭሱ ወይራን የሚያህል አላውቅም። እናቶቻችን የወተቱን ዕቃና የጠላውን ጋን ያጥኑበት የነበረውን ደረቅ ወይራ ሁለት ሦስት ጉማጅ ፍሙ ላይ ጣል ያድርጉ። ባሕር ዛፍና ጥድ አይሁኑ፤ ዘይትና ሙጫቸው ምሬት ያመጣል። ጭሱ ነጭና ወፍራም ከሆነ ሥጋውን ገና አያስገቡ፤ ስስና ሰማያዊ እስኪመስል ይጠብቁ።

ፍርምባው ውስጡ 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ለሰዓታት ሊቆም ይችላል። ከሥጋው የሚተነው እርጥበት ስለሚያቀዘቅዘው ነው እንጂ እሳቱ አልደከመም፤ ቀዳዳውን አይንኩ። የውጭ አገር መመሪያዎች 95 ድረስ ይጠብቁ ይላሉ። እኛ ጋ ግን ውሃ ቀድሞ ስለሚፈላ ከ90 ጀምሮ በሹካ ይሞክሩት፤ ያለ ጉልበት ገብቶ ከወጣ በስሏል።

በርሜሉን ቤት ውስጥ፣ በረንዳም ቢሆን በታጠረ ቦታ አያንዱ፤ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ሥጋው ሲወጣ የላዩንም የታቹንም ቀዳዳ ይዝጉና ደጅ ይተዉት። እሳቱ ታፍኖ ይጠፋል። የተረፈውን ከሰል በማግስቱ አመዱን አራግፈው ለሚቀጥለው ያስቀምጡት።